ኮንሶዎች ስስ አፈርን እንዴት አወፈሩት?

ዶማ ይዛችሁ ዳገት ላይ መቆፈር ጀመራችሁ እንበል። አንድ ስንዝር ያህል ሳትወርዱ ዶማው ከአለት ጋር ተጋጨ። የአፈር ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን አፈር «ሌፕቶሶል» ይሉታል። «ሌፕቶስ» በግሪክኛ «ስስ» ማለት ነው። ከላይ እስከ አለቱ 25 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ወይም ከአፈሩ ይልቅ ጠጠሩና ድንጋዩ እጅግ የበዛ ከሆነ በዚህ ስም ይጠራል።

ብርቅ ነገር እንዳይመስላችሁ! በዓለም ላይ በስፋት አንደኛው የአፈር ዓይነት ይሄ ነው፤ ከ1.6 ቢሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። በሰሃራ በረሃ፣ በሂማላያና በአንዲስ ተራሮች፣ በእኛም አገር ገደላገደል ሞልቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከአለት አንድ ሴንቲ ሜትር አፈር እስኪፈጠር ብዙ መቶ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ዳገት ላይ ግን ዛፉ ተመንጥሮ ከታረሰ፣ ጎርፍ ያንኑ አፈር በጥቂት ክረምት ጠርጎት ይሄዳል።

ታዲያ እንዲህ ያለ መሬት ላይ ሰው እንዴት አርሶ ይኖራል? መልሱን ደቡብ ኢትዮጵያ፣ ኮንሶ ውስጥ እናገኘዋለን። አገሩ ኮረብታማ ነው፤ ዝናቡ አነስተኛ፣ ሲመጣ ደግሞ ኃይለኛ ነው። ኮንሶዎች ማሳውን የሞላውን ድንጋይ ለቅመው አልጣሉትም፤ ዳገቱን ተከትለው ካቡት እንጂ። አንዳንዱ ካብ 5 ሜትር ይደርሳል። ካቡ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ የሚወርደውን ውሃ ያዘገያል፤ ውሃው ይዞት የመጣውን ደለል ደግሞ ያስቀራል። ከካቡ ኋላ ያለው አፈር እያደር ይወፍራል፣ እርጥበትም ይይዛል። ማሽላውና ሺፈራው የሚበቅሉት እዚያ ላይ ነው።

ይህ የአንድ ሰው ዘመን ሥራ አይደለም። ባህሉ 21 ትውልድ፣ ማለትም ከ400 ዓመት በላይ ወደኋላ ይሄዳል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2011 የኮንሶን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ካቡ ያለ ሲሚንቶ የተደረደረ ድንጋይ ነው። አንድ ቦታ ከተናደና ቶሎ ካልተጠገነ፣ ጎርፉ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ ከታች ያለውንም እርከን ይንደዋል። ስለዚህ ከአያቶች የተወረሰው እርከን ዛሬም ጠጋኝ እጅ ይፈልጋል። ወጣቱ ሥራውን ከተወው፣ በትውልዶች የተጠራቀመው አፈር ተመልሶ ወንዝ ይገባል።

እናንተም በአካባቢያችሁ እርከን ካለ ሄዳችሁ እዩ። ከካቡ ኋላ ያለውን አፈር፣ እርከን ከሌለው ከጎኑ ዳገት ጋር አነጻጽሩት። ልዩነቱን በስንዝር ትለኩታላችሁ።