ዲግሪያቸው ሌላ፣ ሥራቸው ሌላ፦ የኮምፒውተርና የኔትወርክ ሙያን የጀመሩ ሴቶች

ከመካከላችን ዲግሪዋን ወይም ዲፕሎማዋን ሻንጣ ውስጥ አስቀምጣ ሰው ቤት የምትሠራ ብዙ አለች። ስለ ኮምፒውተር ሥራ ወሬ ሲነሳ «እሱማ ለኛ አይሆንም፤ እኔ የተማርኩት ሌላ ነው፣ ዕድሜዬም ሄደ» የምትልም አትጠፋም። እስቲ ዛሬ ይህ ሙያ እንዴት እንደተጀመረ፣ የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞችም ከትምህርት ቤት ወጥተው በየትኛው በር እንደገቡ ላጫውታችሁ። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኬይ ማክነልቲ የተወለደችው አየርላንድ ነው። ወላጆቿ ይዘዋት አሜሪካ ሲሰደዱ ገና ሕፃን ነበረች፤ እንግሊዝኛም አትችልም ነበር። በ1942 ከፊላደልፊያ አንድ የሴቶች ኮሌጅ በሒሳብ ተመረቀች። ያኔ ሒሳብ የተማረች ሴት ከአስተማሪነት ሌላ እምብዛም አማራጭ አልነበራትም። ሆኖም ጊዜው የጦርነት ነውና ወንዶቹ ዘምተዋል፤ የጦር ሠራዊቱ ሒሳብ የተማሩ ሴቶች እንደሚፈልግ ጋዜጣ ላይ አወጣ። ኬይም አመልክታ ገባች። የሥራ መደቧ መጠሪያ «ኮምፒውተር» ነበር! አዎ፣ በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ማለት እየተቀመጠ የሚያሰላ ሰው ነው። ሥራቸው የመድፍ ጥይት የሚሄድበትን መንገድ ማስላት ነበር፤ በጠረጴዛ ማስሊያ አንዱን መንገድ ለመጨረስ ከ30 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በደረጃ ግን የተመዘገቡት ከባለሙያ በታች ተብለው ነው።

በ1945 ከነዚህ ሴቶች 6ቱ ኤኒያክ ለተባለው ትልቅ ማሽን ተመረጡ። ከ6ቱ አንዷ ቤቲ ስናይደር ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የሒሳብ መምህሯ «ቤት ተቀምጠሽ ልጅ ብታሳድጊ አይሻልሽም?» ስላላት ሒሳቡን ትታ በጋዜጠኝነት ነበር የተመረቀችው። ያኔ ለማሽኑ መማሪያ መጽሐፍ ገና አልተጻፈለትም ነበር። ምስጢር ስለነበረም መጀመሪያ ላይ ክፍሉ ውስጥ እንኳ አላስገቧቸውም፤ የሽቦውን ንድፍ ወረቀት ሰጥተው «ከዚህ ተማሩ» አሏቸው። ንድፉን እያዩ፣ እርስ በርስ እየተጠያየቁ ተማሩት። በየካቲት 1946 ማሽኑ ለሕዝብ ሲታይ እነሱ ያዘጋጁት ስሌት በሰከንዶች ውስጥ ወጣ፤ ሰዉ ተደነቀ። ለማታው ግብዣ ግን የጠራቸው የለም። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ አንዲት ተማሪ የድሮውን ፎቶ አይታ «እነዚህ ሴቶች እነማን ናቸው?» ብትል ፍሪጅ አጠገብ ቆመው እንደሚያስተዋውቁት ያሉ ሞዴሎች እንደሆኑ ተነገራት። ታሪካቸው የወጣው እሷ አላምንም ብላ ስለፈለገች ነው።

ወደ ኔትወርክ እንምጣ። እኛ «ኔትወርክ ጠፋ» የምንለው የስልኩን ነው፤ ሙያው ግን ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ የማገናኘት ሥራ ነው። የኢንተርኔት እናት የሆነው አርፓኔት የመጀመሪያውን መልእክት በካሊፎርኒያ ሁለት ተቋማት መካከል ያስተላለፈው በጥቅምት 1969 ነው። ኮምፒውተሮቹ እየበዙ ሲሄዱ የማን ስም ማን እንደሆነ የሚመዘግብ ሰው አስፈለገ። ከ1972 እስከ 1989 ይህን ቢሮ የመራችው ኤልዛቤት ፋይንለር ናት። የተማረችው ኬሚስትሪ ነበር። አዲስ ኮምፒውተር ለማስመዝገብ የሚፈልግ ሁሉ ስልክ የሚደውለው ለእሷ ቢሮ ነበር። ዛሬ ከድረ ገጽ ስም ጀርባ የምናያቸው «ዶት ኮም» እና «ዶት ኦርግ» የወጡት የእሷ ቡድን በተካፈለበት ሥራ ነው።

ራዲያ ፐርልማን ደግሞ በ1985 አንድ ትልቅ ችግር ፈታች። ኮምፒውተሮችን የሚያገናኘው መንገድ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ሲበጠስ ሁሉም ይቆማል። ሁለት መንገድ ከተዘረጋ ደግሞ መልእክቱ እየዞረ ይመላለስና መስመሩን ያፍነዋል። እሷ ያመጣችው ዘዴ ማሽኖቹ ራሳቸው አንዱን መንገድ መርጠው ሌላውን በመጠባበቂያ እንዲያስቀምጡ፣ ዋናው ሲበጠስም መጠባበቂያውን እንዲከፍቱ ያደርጋል። ይህ ሐሳብ ዛሬም በየቢሮው ይሠራል።

የደኅንነቱ ሥራ በሙያ ደረጃ የጎላው ከአንድ አደጋ በኋላ ነው። ኅዳር 2 ቀን 1988 አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም ከ60,000 ገደማ ኮምፒውተሮች ወደ 6,000 የሚጠጉትን እንዳጠቃ ተገምቷል። ከገባባቸው በሮች አንዱ ደካማ የይለፍ ቃል ነው፤ የሰውየውን የራሱን ስም እየሞከረ ይገባ ነበር። በዚያው ወር ለእንዲህ ያለ አደጋ የሚደርስ ቡድን በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። ዛሬም የልጇን ስም ወይም የልደት ዓመቷን የስልክ መክፈቻ ያደረገች እህት ካለች፣ ያ ታሪክ እሷንም ይመለከታል፤ ዛሬውኑ ትቀይረው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለኛ ምናችን ነው? ነገሩ እንዲህ ነው፤ በዲግሪያቸው ቀጥታ የገቡ ጥቂት ናቸው። በሩን የከፈተላቸው ሁለት ነገር ነው፦ የሰው ችግር መኖሩና ሥራ ላይ ሆነው መማራቸው። በሩ ለእኛ እንደዚያ ክፍት ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ኢቃማችን በአሠሪ ስም የታሰረ ነው፤ ማዳም ቤት እያለን ምስክር ወረቀት ብናገኝም እዚህ ሥራ አያስቀይረንም። ለአገር ቤት መመለሻ ግን ስንቅ ይሆናል።

ዲግሪ የማይጠይቁ የሙያ ፈተናዎች አሉ። ሲሲኤንኤ የተባለው የኔትወርክ ፈተና በ1998 ተጀመረ፤ ሴኪዩሪቲ ፕላስ የተባለው የደኅንነት ፈተና በ2002 ተከተለ። ፈተናው ውድ ነው፤ ወደ 300 ዶላርና ከዚያም በላይ ያስከፍላል። የመግቢያ ትምህርቱ ግን በነፃ፣ በስልክም ይገኛል፤ ቋንቋው በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በነፃው ተማሩ፣ ገንዘባችሁን ለፈተናው አቆዩ። «ከፍለሽ ተመዝገቢ፣ ሥራ አስገባሻለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ እንደምታውቁት ደላላ ቁጠሩት። የመጀመሪያው ሥራም ብዙ ጊዜ «ኢንተርኔቴ አልሠራ አለ» ብሎ የሚደውል ሰው ስልክ ማንሳት ነው። አትናቁት፤ የፋይንለር ቢሮም የቆመው ስልክ በማንሳት ነው።

የዕረፍት ቀን ያላችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ጀምሩ። የዕረፍት ቀን ለሌላት እህት ደግሞ የተማራችሁትን በድምፅ ቀድታችሁ ላኩላት፤ ማታ ሥራ ስትጨርስ ትሰማዋለች። እነዚያ 6ቱም የተማሩት ንድፉን ዘርግተው እርስ በርስ እየተጠያየቁ ነው።