ገቨርነር

ገቨርነር ሲባል ቶሎ የሚታወሰን አገረ ገዥ ነው። በእንግሊዝ ፋውንዴሽን ትረስት በሚባሉት የሕዝብ ሆስፒታሎች ግን ገቨርነር ማለት ያለ ደመወዝ የሚሠራ የሆስፒታሉ ምክር ቤት አባል ነው። አብዛኞቹን የሚመርጡት በትረስቱ አባልነት የተመዘገቡ ነዋሪዎች፣ ታካሚዎችና ሠራተኞች ናቸው። አሠራሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ሕግ ነው። ገቨርነር ሐኪም አያዝም፣ አልጋ አይመድብም። ምክር ቤቱ ግን የትረስቱን ቦርድ ሊቀመንበር ይሾማል፤ በሦስት አራተኛ ድምፅም ይሽራል። ኦዲተሩንም የሚመርጠው እሱ ነው። ቅር የሚለኝ፣ የምክር ቤቱን ስብሰባ የሚመራው ያው ሊቀመንበር መሆኑ ነው፤ ተጠያቂው ራሱ መድረኩን ይዞ ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል? የብሪታንያ መንግሥት በ2025 የጤና ዕቅዱ ትረስቶቹ ገቨርነር እንዲኖራቸው የሚያስገድደውን ድንጋጌ አነሣለሁ ብሏል። እኔ ግን ሊቀመንበሩ ከምክር ቤቱ ወንበር ተነሥቶ ገቨርነሮቹ ቢቆዩ እመርጣለሁ።