«ጋሊሊዮ»፦ የአንድ ጣሊያናዊ ስም አመጣጥና ልዩ ልዩ አገልግሎቶቹ

ጋሊሊዮ በጣሊያን አገር የግል ስም ነው። ጋሊሌይ የሚለው የብዙ ቁጥር ቅርጹ ደግሞ የቤተሰብ መጠሪያ ሆኖ ያገለግላል። ስሙ በመላው ዓለም የታወቀው ሁለቱንም አጣምሮ በያዘው የሥነ ፈለክ ሊቅ በጋሊሊዮ ጋሊሌይ አማካይነት ነው። ይሁን እንጂ በዛሬው ጊዜ በአንድ ሰነድ ላይ «ጋሊሊዮ» ተብሎ ሲጻፍ ሊቁን ብቻ የሚያመለክት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ ሥርዓት፣ የአውሮፕላን ጉዞ ቦታ ማስያዣ የኮምፒዩተር ሥርዓት፣ የጠፈር መንኮራኩር፣ የአውሮፕላን ማረፊያና ሙዚየም ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራሉ። በመሆኑም ደብዳቤ፣ ውል ወይም ሪፖርት የሚያዘጋጅ ሠራተኛ የትኛው ጋሊሊዮ እንደተጠቀሰ ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስሙ አመጣጥ

ጋሊሊዮ የሚለው ስም ከላቲን ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም «የገሊላ ሰው» ማለት ነው። ገሊላ በመጽሐፍ ቅዱስ በተደጋጋሚ የተጠቀሰችው የሰሜን እስራኤል አውራጃ ናት። በኢትዮጵያም ገሊላ የሚለው የቦታ ስም ለሴት ልጅ መጠሪያነት ስለሚውል፣ የጣሊያኑ ስም ሥር ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም።

የቤተሰቡ መጠሪያ ቀደም ሲል ቦናዩቲ የሚል ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በፍሎረንስ ከተማ ጋሊሊዮ ቦናዩቲ የተባለ ስመ ጥር ሐኪም ይኖር ነበር። ዘሮቹም በእርሱ ስም ጋሊሌይ ተብለው መጠራት ጀመሩ። የሥነ ፈለክ ሊቁ በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1564 በፒሳ ከተማ ሲወለድ፣ በቱስካና በነበረው ልማድ መሠረት ለበኩር ልጅ የቤተሰቡ መጠሪያ የግል ስሙም እንዲሆን ተደረገ። የግል ስሙና የቤተሰብ መጠሪያው የተመሳሰሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህም ከኢትዮጵያ የስም አጠራር ጋር ያለውን ልዩነት በግልጽ ያሳያል። የሊቁ አባት ቪንቼንዞ የተባለ ሙዚቀኛ ነበር። በኢትዮጵያ ልማድ ቢሆን ኖሮ ልጁ ጋሊሊዮ ቪንቼንዞ ተብሎ በተመዘገበ ነበር። በጣሊያን ግን ሁለተኛው ስም የአባት የግል ስም ሳይሆን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ መጠሪያ ነው። በመሆኑም በቅጽ ላይ «የአባት ስም» በሚለው ቦታ የቤተሰብ መጠሪያን መሙላት ስህተት ሊያስከትል ይችላል።

በሌሎች ጣሊያናውያን ዘንድም ጋሊሊዮ በግል ስምነት አገልግሏል። ከእነዚህም መካከል ከ1847 እስከ 1897 የኖረው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ጋሊሊዮ ፌራሪስ ይጠቀሳል። ፌራሪስ ተሽከርካሪ መግነጢሳዊ መስክን በሚመለከት ባደረገው ምርምር ይታወቃል።

በሳይንስና በጠፈር ምርምር

ጋሊሊዮ በጃንዋሪ 1610 በቴሌስኮፕ አማካይነት አራት የጁፒተር ጨረቃዎችን አገኘ። ግኝቱን በዚያው ዓመት በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ ይፋ ያደረገ ሲሆን፣ ጨረቃዎቹን የሰየማቸው በራሱ ስም ሳይሆን በወቅቱ ቱስካናን ያስተዳድር በነበረው በሜዲቺ ቤተሰብ ስም ነበር። ይህ ስያሜ አልጸናም። አዮ፣ ዩሮፓ፣ ጋኒሜድና ካሊስቶ የተባሉት አራቱ ጨረቃዎች ዛሬ በጋራ «የጋሊሊዮ ጨረቃዎች» ይባላሉ።

የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳም ወደ ጁፒተር የላካትን መንኮራኩር ጋሊሊዮ ብሎ ሰይሟታል። መንኮራኩሯ በኦክቶበር 18 ቀን 1989 በአትላንቲስ የጠፈር መርከብ ከተወሰደች በኋላ በዲሴምበር 1995 ጁፒተር ደርሳለች። ዋናው አንቴናዋ በአግባቡ ሊዘረጋ ባለመቻሉ መረጃ ስትልክ የቆየችው በአነስተኛው አንቴና ነበር። ያም ሆኖ በዩሮፓ የበረዶ ሽፋን ሥር ውቅያኖስ ሊኖር እንደሚችል የሚያመለክት መረጃ አስገኝታለች። በሴፕቴምበር 21 ቀን 2003 ዩሮፓን እንዳትበክል በሚል ሆን ተብሎ ወደ ጁፒተር ከባቢ አየር ገብታ እንድትጠፋ ተደርጓል።

በመለኪያ ዘርፍ «ጋል» የተባለው የፍጥነት ለውጥ አሃድ የተሰየመው በዚሁ ሊቅ ስም ነው። አንድ ጋል በሰከንድ ስኩዌር አንድ ሴንቲ ሜትር ማለት ሲሆን፣ አንድ ሺኛው የሆነው ሚሊጋል በመሬት ስበት ጥናት ላይ በሰፊው ይሠራበታል።

የአውሮፓ የሳተላይት ሥርዓት

በአሁኑ ጊዜ በመንግሥታዊ ሰነዶች ጋሊሊዮ የሚለው ስም በስፋት የሚያመለክተው የአውሮፓ ኅብረትን የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ ሥርዓት ነው። የአሜሪካው ጂፒኤስ የተቋቋመው በወታደራዊ መሥሪያ ቤት ሥር ሲሆን፣ ጋሊሊዮ ግን በሲቪል አስተዳደር ሥር የሚገኝ መሆኑ ልዩ ያደርገዋል። የመጀመሪያዋ የሙከራ ሳተላይት በዲሴምበር 2005 ተመጠቀች። ለመደበኛ አገልግሎት የተዘጋጁት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳተላይቶች በኦክቶበር 2011 ከፈረንሳይ ጉያና ወደ ጠፈር ተልከዋል። ሥርዓቱ በዲሴምበር 15 ቀን 2016 የመጀመሪያ ደረጃ አገልግሎት መስጠት ጀምሯል። ሳተላይቶቹ ከምድር በላይ 23 ሺህ 222 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይዞራሉ። የመቆጣጠሪያ ማዕከላቱም በጣሊያንና በጀርመን ይገኛሉ።

በስሙ ላይ የተነሣ ክርክር

የአውሮፓ ኮሚሽን ስሙን ሲመርጥ ስሙ በንግድ ዓለም አስቀድሞ ተይዞ ነበር። ብሪቲሽ ኤርዌይስ፣ ኬኤልኤም፣ አሊታሊያና ስዊስኤር የሚገኙባቸው የአውሮፓ አየር መንገዶች በ1987 ያቋቋሙት የጉዞ ቦታ ማስያዣ ሥርዓት ጋሊሊዮ ይባል ስለነበር፣ የንግድ ምልክቱ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ኮሚሽኑ ስሙን መጠቀሙን እንዲያቆምና ካሣ እንዲከፍል በ2003 ክስ መሠረተ።

የአውሮፓ ማኅበረሰቦች የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በሜይ 10 ቀን 2006 በሰጠው ውሳኔ ክሱን ውድቅ አድርጎታል። በውሳኔው መሠረት ኮሚሽኑ በዚያ ደረጃ ዕቃም ሆነ አገልግሎት በገበያ ላይ ባለማቅረቡ፣ ስሙን ለፕሮጀክቱ መጠሪያነት ማዋሉ የንግድ ምልክትን እንደመጠቀም አይቆጠርም። ፍርዱ ለኮሚሽኑ ቢሆንም ጉዳዩ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ትምህርት ሰጪ ነው። የታሪካዊ ሰው ስም የማንም ብቻ ንብረት መስሎ ባይታይም፣ ለፕሮጀክት መጠሪያነት ከመመረጡ በፊት በንግድ ምልክትነት መመዝገብ አለመመዝገቡን ማጣራት ከዓመታት ክርክር ያድናል።

በመጓጓዣ፣ በጦር መርከብና በባህል

የፒሳ ከተማ የአውሮፕላን ማረፊያ ጋሊሊዮ ጋሊሌይ ይባላል። በፍሎረንስ ይገኝ የነበረው የሳይንስ ታሪክ ሙዚየምም በ2010 ጋሊሊዮ ሙዚየም የሚል ስም የተሰጠው ሲሆን፣ ሊቁ የሠራቸው ቴሌስኮፖች በዚያ ተጠብቀው ይገኛሉ። በስፔን የካናሪ ደሴቶች የሚገኘው የጣሊያን ብሔራዊ ቴሌስኮፕም በስሙ ይጠራል።

ስሙ ከአካባቢያችን ታሪክ ጋር የሚገናኝበት አጋጣሚም አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ጋሊሊዮ ጋሊሌይ የተባለች የጣሊያን ሰርጓጅ መርከብ መቀመጫዋን በምጽዋ አድርጋ በቀይ ባሕር ትንቀሳቀስ ነበር። ጣሊያን ወደ ጦርነቱ ከገባች ከጥቂት ቀናት በኋላ በጁን 19 ቀን 1940 በኤደን አቅራቢያ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተማርካ ወደ ኤደን ወደብ ተወስዳለች።

በተጨማሪም ጋሊሊዮ በ2001 በእንግሊዝ የኤፕሰም ደርቢን ያሸነፈ፣ በ2021 የሞተ የታወቀ የእሽቅድምድም ፈረስ ስም ነው። ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ቤርቶልት ብሬክትም ስለ ሊቁ ሕይወት ተውኔት ጽፏል።

በአጻጻፍ ረገድ የሚደረግ ጥንቃቄ

ለጣሊያንኛው ድምፅ የሚቀርበው «ጋሊሌዮ» ቢሆንም በአማርኛ «ጋሊሊዮ» የሚለውም ተለምዷል። በአንድ ሰነድ ውስጥ አንዱን አጻጻፍ መርጦ እስከ መጨረሻው መጠቀም ይገባል። ስለ ሳይንቲስቱ ሲጻፍ በመጀመሪያ ሙሉ ስሙን፣ ከዚያም ጋሊሊዮ የሚለውን ብቻ መጠቀም ይቻላል። በጀርመንኛ ጽሑፎች ጋሊሌይ ተብሎ የሚጠቀሰውም ይኸው ሰው መሆኑን ማስታወስ ጠቃሚ ነው። ስለ ሌሎቹ ሲጻፍ ደግሞ «የአውሮፓ ኅብረት የሳተላይት ሥርዓት ጋሊሊዮ» ወይም «የናሳ መንኮራኩር ጋሊሊዮ» በማለት በመጀመሪያው መጠቀሻ ላይ ምንነቱን መግለጽ አንባቢን ከመደናገር ያድናል።