እንቁላሏን ማን ይቀሰቅሳታል?

ሰሞኑን ስለ ሥነ ተዋልዶ ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ እንቁላሏ ስፐርሙ መግባቱን በምን ታውቃለች?» አለኝ። እኛ እኮ «ስፐርም ገባ፣ ጽንስ ሆነ» ብለን ነው የምናልፈው። ጥያቄው ግን ሳይንቲስቶችን ከመቶ ዓመት በላይ አድክሟል። እስቲ ታሪኩን ባጭሩ ላውጋችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የአጥቢ እንስሳት እንቁላል ስፐርምን የምትጠብቀው የሕዋስ ክፍፍሏን ሳትጨርስ፣ መሃል ላይ ቆማ ነው። ቀስቃሽ ካላገኘች እዚያው ቆማ ትሞታለች።

በ1899 ዣክ ሎብ የሚባል ተመራማሪ የአንድ እሾሃማ የባሕር እንስሳ እንቁላሎችን ጨውነቱ በተቀየረ የባሕር ውሃ ውስጥ ከተታቸው። ያለ ምንም ስፐርም ማደግ ጀመሩ! ለካ ከሰሉ ተደርድሯል፣ የቀረው ክብሪት መጫር ብቻ ነው።

ክብሪቱ ምንድነው? በ1977 ተመራማሪዎች ከባሕር እንስሳ የተገኘ፣ ካልሲየም ሲነካው የሚያበራ ፕሮቲን በዓሣ እንቁላል ውስጥ ከተቱ። ስፐርሙ ሲገባ ብርሃኑ ከአንድ ጫፍ ተነስቶ እንደ ማዕበል እንቁላሏን አቋረጠ። በአይጥ እንቁላል ላይ ሲታይ ደግሞ ማዕበሉ አንዴ ብቻ አልነበረም፤ ለሰዓታት ይመላለሳል።

ከዚያ ክርክር መጣ። ስፐርሙ በር አንኳክቶ ነው የሚቀሰቅሳት ወይስ ይዞት የሚገባው ነገር አለ? በ1990 ካርል ስዋን ከሃምስተር ስፐርም የተጨመቀ ፈሳሽ እንቁላል ውስጥ ሲወጋ ያው ማዕበል ተነሳ። በ1992 ደግሞ ብራስልስ ላይ ስፐርምን በቀጭን መርፌ በቀጥታ እንቁላል ውስጥ በማስገባት እርግዝና መገኘቱ ተዘገበ። በሩ ሳይንኳኳም ይሠራል ማለት ነው። መልእክቱ ያለው ስፐርሙ ውስጥ ነው።

በ1996 እነ ፓሪንግተን፣ ስዋንና ላይ «አገኘነው» ብለው ፕሮቲኑን ኦሲሊን አሉት። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ሌሎች ፈተሹትና እሱ አለመሆኑ ታወቀ። ሰዎቹ ግን አኩርፈው አልተቀመጡም። በ2002 እነዚሁ ሰዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ትክክለኛውን ይዘው መጡ፦ ፒኤልሲ ዜታ። ይህ ፕሮቲን እንቁላሏ ውስጥ ያለን አንድ የቅባት ሞለኪውል ይቆርጣል፤ ከቁራጩ አንዱ የካልሲየሙን ጎተራ ይከፍታል፤ እንቁላሏ ትነቃለች።

በ2009 መውለድ ያልቻለ አንድ ሰው በዚህ ፕሮቲን ዘረመል ላይ ጉድለት ተገኘበት። የእንዲህ ዓይነት ሰው ስፐርም ይዋኛል፣ በመርፌም ይገባል፤ እንቁላሏን ግን አይቀሰቅስም። ዛሬ አንዳንድ ሐኪሞች ካልሲየም የሚያስገባ ኬሚካል ተጠቅመው እንቁላሏን ይቀሰቅሷታል።

ታሪኩ አላለቀም። በ2017 በታተመ ጥናት ፒኤልሲ ዜታ የሌላቸው ወንድ አይጦች ጥቂትም ቢሆን ወልደዋል። ሌላ ረዳት ይኖር ይሆን? እየተፈለገ ነው።

ይህን ሁሉ ያልኩት ለምን መሰላችሁ? በእኛ ሰፈር ልጅ ሲጠፋ ጣት የሚቀሰረው ሴቷ ላይ ነው። «መካን» ተብላ ትፈታለች፣ ባልየው አንዴ እንኳ ሳይመረመር። እንቁላሏ ግን ሁሉን አሰናድታ ስትጠብቅ ቀስቃሹ ያልመጣላት ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ወንድሞቼ፣ ከመፍረዳችን በፊት አብረን እንመርመር።

ለዚያ ተማሪዬም፦ ጎበዝ፣ መጠየቅህን አታቁም!

ሼር አድርጉት፣ አንድ ትዳር ያተርፍ ይሆናል።