መምሰልና መሆን

አንድ ወጣት የታወቀ ዘፋኝ ድምፅና አኳኋን ተከትሎ በቴሌቪዥን ሲዘፍን፤ ተመልካቹም «ቁርጥ እርሱን!» ብሎ ሲያጨበጭብ ማየት የተለመደ ሆኗል። ኢትዮጵያን አይዶልና ፋና ላምሮት በተባሉት ውድድሮች ብዙ ወጣቶች የቀደሙትን ዘፋኞች ዜማ እየዘፈኑ ተፈትነዋል። በቢቸናና በሞጣም ቤተ ሰብ ቴሌቪዥን ከብቦ «መስሏል፤ አልመሰለም» እያለ ሲከራከር ሰምተናል፤ እኛም ተከራክረናል። ይሁን እንጂ ክርክሩ ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም። ቴሌቪዥን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፤ የመምሰል ትምህርት ግን ከዚያ እጅግ አስቀድሞ በአድባራቱ ሲሰጥ የኖረ ነው።

አባቶቻችን መምሰልን በሁለት መንገድ ይመለከቱት ነበር። በዜማ ቤት ተማሪው መምህሩ እንደ ነገረው አድርጎ ይቀጽላል፤ ግዕዙን ከዕዝል፤ ዕዝሉን ከአራራይ ቢቀላቅል ወዲያው ይታረማል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት ማበጀታቸውም፤ ዜማው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እንዳይለወጥ ነው። በዚህ ቤት መምሰል ማለት አደራ መጠበቅ ነው።

በቅኔ ቤት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ተማሪው አስቀድሞ የመምህሩን ቅኔ ይቀጽላል፤ ከዚያም ከባለ ሁለት ቤቱ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ይቆጥራል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ እንደ ሆነ በጉባኤ መካከል ያፍራል። ስለዚህ በቅኔ ቤት መምሰል መግቢያ በር እንጂ ማደሪያ አይደለም። ከቢቸና በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ የተማሩት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ፤ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ያንን ደብር ለአገር ሁሉ አስታውቀዋል። መምህሮቻቸውን ሰምተው በራሳቸው ቃል ተናገሩ።

በዘመናዊው ዘፈንም ይኸው ታይቷል። በፖሊስ ኦርኬስትራ የዘፈነው ዓለማየሁ እሸቴ፤ አሜሪካዊውን ኤልቪስ ፕሪስሊን በጠጉርና በልብስ ሳይቀር በመከተሉ «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» ተብሎ ነበር። በዚያ ብቻ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ስሙ ከልብሱ ጋር ባረጀ ነበር። ነገር ግን አምሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ያሳተመለት ሸክላ በአማርኛ ሲሰማ፤ አድማጩ ኤልቪስን ሳይሆን ዓለማየሁን አገኘ። በ2013 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜም አገር ያዘነው ለራሱ ለዓለማየሁ ነው።

በውጭ አገርም ቢትልስ የተባሉት እንግሊዛውያን በ1962 ዓ.ም. ከተለያዩ በኋላ፤ ልብሳቸውን ለብሰው ዘፈናቸውን ብቻ የሚጫወቱ ቡድኖች ተቋቁመዋል። ተመልካቹ የሚያየው ምሳሌውን መሆኑን አውቆ ስለሚገባ፤ ማንም አይታለልም። ይህም የዜማ ቤቱን አደራ ጠባቂነት ይመስላል።

እኛም በ2001 ዓ.ም. የተለየንን የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ከእርሱ በኋላ የተወለዱ ልጆች በትክክል ሲዘፍኑት ደስ ይለናል። የሚያሳዝነን ሌላ ነው። ከሞጣ የመጣ ልጅ እግዚአብሔር የሰጠውን ድምፅ ትቶ የሌላውን ጉሮሮ ሲያበጅ፤ በዚያም ሲመሰገን፤ የራሱን ድምፅ መቼ ይሰማዋል? ደግሞስ ለአስመሳዩ ሲጨበጨብ ግጥሙን የጻፈው፤ ዜማውን የደረሰው ሰው ስሙ ሳይነሣ መቅረቱ ተገቢ ነውን?

እንግዲህ የሚፈርዱ ሁሉ ሁለቱን ቤቶች ባይቀላቅሉ መልካም ነው። አደራ የሚጠበቅበት ቀን ይኑር፤ በዚያን ቀን የደራሲው ስም ይነገር፤ ልጁም ምን ያህል እንደ መሰለ ይመዘን። የራስ ቅኔ የሚቆጠርበትም ቀን ይኑር፤ በዚያን ቀን ግን «ማንን መሰለ?» ተብሎ አይጠየቅ፤ «ማን ነው?» ይባል።