ጉና፤ ከደብረ ታቦር ራስጌ ያለው ተራራ

ስለ ደብረ ታቦር የተጻፈውን የሚያነብ ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው የመኳንንቱን ታሪክ ነው። የየጁው ራስ ጉግሣ ከተማዋን እንደ ቆረቈሯት፥ የልጅ ልጃቸው ራስ ዓሊ በ1834 ዓ.ም. ከደጃዝማች ውቤ ጋር በዚያው እንደ ተዋጉ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻቸው እንዳደረጓት፥ ከእርሳቸውም በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ እንደ ተቀመጡባት በሰፊው ተተርኳል። ከከተማዋ በደቡብ ምሥራቅ በኩል የቆመው የጉና ተራራ ግን በዚህ ሁሉ ትረካ ውስጥ ቢነሣ እንደ መንገድ ምልክት ያህል ነው። ይህ ለጸሐፊው አግባብ መስሎ አይታየውም። በዚያ ዘመን ሠራዊት የሚሰፍረው ውሃና ሣር ባለበት ነበረ፤ በዚያ አገር ደግሞ የውሃውና የሣሩ ባለቤት ጉና ነው።

ጉና በፋርጣ፥ በእስቴና በላይ ጋይንት መካከል በእሳተ ገሞራ የተሠራ ተራራ ሲሆን፥ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 4,100 ሜትር ያህል ይደርሳል። ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው ወደ ምዕራብ እየወረዱ የፎገራን ሜዳ አጠጥተው ጣና ይገባሉ። ዛሬ በፎገራ የሚመረተው ሩዝ፥ በርብ ላይ የተሠራውም ግድብ የሚጠባበቁት ይህንኑ የጉናን ውሃ ነው። የተራራው ሣርና ቍጥቋጦ ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይዞ በቀስታ ስለሚለቀው ምንጩ በበጋም አይነጥፍም። ሣሩ በተገፈፈበት ቦታ ግን ውሃው አፈሩን ይዞ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ያጥለቀለቀው ጎርፍ የመጣው በእነዚሁ ወንዞች መንገድ ነበረ።

የደጋው ዛፍ መመናመን የትናንት ነገር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ ሲያሠሩ፥ ብረትና ነሐስ የሚያቀልጠው እሳት የእንጨት ከሰል የሚጠይቅ ነበረ። የሴባስቶፖል መድፍ ክብደቱ ሰባ ኩንታል ገደማ ሲሆን፥ በ1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፥ የጅጣንና የበሸሎን ገደል ተሻግሮ መቅደላ ደረሰ። ይህን ጉዞ ተማሪ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፤ ለዚያ መድፍ ማቅለጫ ስንት ዛፍ እንደ ወደቀ ግን የቈጠረ የለም። እርግጥ ጥፋቱን ሁሉ በነገሥታት ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ለምድጃ፥ ለሞፈርና ለቤት ሲባል ገበሬው ራሱ የቈረጠው ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ነውና።

ከዚህ ሁሉ የተረፈው ደን የት እንዳለ ለማየት ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ወደ አንዱ አጥቢያ መሄድ ይበቃል። በእርሻ መካከል ከሩቅ ጠቍሮ የሚታየው ክብ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው 168 ዐይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ ማግኘታቸውን እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ አገር ለዶክትሬት ባቀረቡት ጽሑፍ አስታውቀዋል። ወይራውም፥ ጥዱም፥ ዝግባውም በዚያ ተጠግቶ ቀርቷል፤ የታቦት ሥፍራ ነው ተብሎ መጥረቢያ የሚያነሣበት ስለሌለ ነው።

የጉና ራስ ግን እንዲህ ያለ ቅጥር አልነበረውም። ጓሳው፥ አስታውና ጅብራው የበቀሉበት ከፍተኛ ሥፍራ ለሁሉም ግጦሽ ሆኖ ስለኖረ የማንም ሳይሆን ቀረ። ጅብራ ብዙ ዓመት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው፤ ሳያብብ የተቈረጠ እንደ ሆነ ዘር አይተካም። ሰው እየበዛ፥ መሬትም እየጠበበ ሲሄድ የገብሱና የድንቹ እርሻ ቍልቍለቱን ትቶ ወደ ላይ ወጣ። ከብቱም ተከተለ፤ ከእረኛው ጋር ውሻው ወጣ።

በዚህ መካከል የጠፋው ቀይ ቀበሮ ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ አይገኝም፤ በከፍተኛ ደጋ ላይ ዐይጥና ፍልፈል እያደነ የሚኖር ሲሆን፥ በአገሪቱ ሁሉ ያለው ቍጥር በ500 ገደማ ይገመታል። እርሻ ሲመጣ ምግቡ ይጠፋል፤ ውሻ ሲመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ይይዘዋል። በጉና ላይ ጥቂቶች ይኖሩ ነበረ፤ ዛሬ የሉም። የጠፉት በሩቅ ዘመን ሳይሆን በእኛው ዕድሜ ነው።

በመንዝ የሆነው ከዚህ ይለያል። የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው ምእት ዓመት ጀምሮ የጓሳን ምድር ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁ ኖረዋል። ሣሩ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት ለቤት ክዳንና ለገመድ ሁሉም በወግ ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ልማዱ ከሕዝቡ ልብ ስላልጠፋ ጥበቃው በኋላ በማኅበረሰብ ስም ታደሰ፤ ቀይ ቀበሮውም እስከ ዛሬ በዚያ ይገኛል። በስሜን ደግሞ መንገዱ ሌላ ነበረ። በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ታወጀ፤ ዋልያውን ለማትረፍ መንግሥት ብዙ ደከመ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ ነው። ለዚህም የግጭ መንደር ሰዎች ከአባቶቻቸው ቀዬ ተነሥተው ወደ ደባርቅ መሄድ ግድ ሆነባቸው። ዋልያው መትረፉ መልካም ነው፤ ነገር ግን የግጭን ሰዎች ዋጋ ሳያነሡ ስለ ስሜን መጻፍ አይገባም።

ለጉና የተመረጠው የመንዝን የሚመስለው መንገድ ነው፤ ተራራው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተከልሏል። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም በጉናና በጣና ላይ የመስክ ምርምር ማዕከል አቋቁሟል። በጸሐፊው አስተያየት ምርጫው ትክክል ነው፤ ችግሩ መዘግየቱ ነው። በመንዝ ቀበሮው ሳይጠፋ ሥርዓቱ ነበረ፤ በጉና ሥርዓቱ ሲመጣ ቀበሮው አልነበረም። በተራሮቹ መካከል ያለው አገር ሁሉ እርሻና ቆላ ስለ ሆነ ከሌላ ደጋ ተሻግሮ በራሱ ይመለሳል ማለት አስቸጋሪ ነው። ዛሬ በጉና ላይ የሚጠበቀው የቀረው ነው፤ ጓሳው፥ ጅብራው፥ አስታውና ጭላዳው፤ ከእነርሱም ሥር የርብና የጉማራ ምንጮች።