የሜዳ አህያ በነገሥታት አደባባይ

እ.ኤ.አ. በ1621 ከሐበሻ ምድር የመጣ አንድ እንግዳ እንስሳ በሕንድ ሙጋል ንጉሠ ነገሥት በጀሃንጊር ፊት ቀረበ። ያመጡት ቱርኮች ነበሩ። እንስሳው ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ ድረስ ጥቁር መስመር የተሰመረበት በመሆኑ፣ ካዩት ሰዎች አንዳንዶቹ በቀለም የተቀባ ሳይሆን አይቀርም ብለው መጠርጠራቸውን ንጉሡ ራሱ በማስታወሻው ጽፎታል። በሚገባ ከተመረመረ በኋላ ግን መስመሩ የተፈጥሮ መሆኑ ታወቀ። ጀሃንጊር «የዘመኑ ብርቅ» የሚል ማዕረግ የሰጠውን ሠዓሊ መንሱርን አዝዞ መልኩን አሠራ። ሥዕሉ ዛሬ ለንደን በሚገኘው በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል፤ በላዩ የተጻፈው ቃል እንስሳውን «በቅሎ» ይለዋል። እንስሳው ግን እዚያ አልቆየም፤ ለፋርሱ ንጉሥ ለሻህ አባስ ከተላኩት ስጦታዎች ጋር እንደገና መንገድ ጀመረ።

እንዲህ ያለው ስጦታ ዋጋው ቀላል አልነበረም። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ እንደሚተርከው፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ለሱአኪኑ የቱርክ ገዥ ከሰጡት የሜዳ አህያ አንዱን አንድ ሕንዳዊ ለሙጋሉ ንጉሥ ሊወስደው በ2,000 የቬኒስ ገንዘብ ገዝቶታል።

ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ታሪኩ በሌላ አደባባይ ተደገመ። በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ለፈረንሣዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ ላኩ። በፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ኤሚል ኡስታሌ መርምሮት፣ እስከዚያ ድረስ በሳይንስ መዝገብ ያልገባ ዝርያ መሆኑን በ1882 አስታወቀ፤ ስሙንም በፕሬዚዳንቱ ሰየመው። ተቀባዩ ሲታወስ ሰጪው ተረሳ። በእውነቱ ከሆነ የአማርኛው ስም ለዚህ ዝርያ ይበልጥ ይስማማዋል፤ ጆሮው ትልቅ ነው፣ ድምፁም ከአህያ ማናፋት እምብዛም አይለይም። በደቡብ ኢትዮጵያ ሜዳዎች ከሚገኘው ከሌላው የሜዳ አህያ የሚለየው በቁመቱ፣ በመስመሩ ቅጥነትና መስመር በሌለበት ነጭ ሆዱ ነው።

ለነገሥታት ብርቅ የነበረው ይህ ፍጡር ዛሬ ለትውልድ አገሩም ብርቅ ወደ መሆን ተቃርቧል። በ1970ዎቹ መጨረሻ 15,000 ያህል ይገመት የነበረው ቁጥሩ አሁን ወደ 3,000 ገደማ ወርዷል። አብዛኛው በኬንያ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በአፋሩ የሃላይደጌ ሜዳና በደቡብ ቆላ የቀረው በመቶዎች ብቻ የሚቆጠር ነው። ቀድሞ ለቆዳው ይታደን ነበር፤ ዛሬ የሚያስጨንቀው ይልቁንም ከከብት ጋር የሚሻማበት የግጦሽና የውሃ ማነስ ነው።

በአንድ ወቅት የማታለያ ቀለም ተብሎ የተጠረጠረው መስመር አሁን የእንስሳው መታወቂያ ሆኗል። እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለማይደገም፣ በጥር 2016 በኬንያ በተደረገው ቆጠራ ሳይንቲስቶችና ተራ ዜጎች ያነሡትን 40,000 ያህል ፎቶግራፍ ኮምፒዩተር እያነጻጸረ 2,350 ያህል እንስሳት መኖራቸውን ለመገመት አስችሏል። ፎቶግራፍ አንሺዎቹ የቀኝ ጎኑን ብቻ እንዲያነሡ ታዝዘው ነበር፤ የግራው መስመር ከቀኙ ስለሚለይ፣ አንዱ እንስሳ ሁለት ሆኖ እንዳይቆጠር።